ራንሌቨልን ከ5 ወደ 3 ስቀይር የመጋዘኑ ፕሮግራም አብሮ አልተነሳም

ጥያቄ፦ ከከዚራ፣ ድሬዳዋ

ጤና ይስጥልኝ። ከዚራ በሚገኝ አንድ የጅምላ ንግድ ድርጅት ውስጥ ኮምፒውተሮችን የምከታተል ሠራተኛ ነኝ። ድርጅቱ የዕቃ ገቢና ወጪውን የሚመዘግብበት ፕሮግራም የሚሠራው ሴንትኦኤስ 5 የተባለው የሊኑክስ ሲስተም በተጫነበት አሮጌ ሰርቨር ላይ ሲሆን፣ በሱቁም በመጋዘኑም ያሉት ኮምፒውተሮች ሁሉ በኔትወርክ ከእሱ ጋር የተገናኙ ናቸው። ፕሮግራሙንና የሚጠቀምበትን የፖስትግሬስ ዳታቤዝ አንድ ላይ የሚያስነሳው «መጋዘን» የተባለ ስክሪፕት ነው። ይህ ስክሪፕት ከሲስተሙ ጋር የመጣ አይደለም፤ ሰርቨሩን መጀመሪያ ያዘጋጀው ባለሙያ ራሱ ጽፎ «ኢኒት.ዲ» በተባለው ፎልደር ውስጥ ያስቀመጠው ነው። ባለሙያው አሁን በከተማው ስለሌለ ልጠይቀው አልቻልሁም።

ራንሌቨል ማሽኑ ሲነሳ የትኞቹ ሰርቪሶች (ከጀርባ የሚሠሩ ፕሮግራሞች) እንደሚነሱ የሚወስን የአሠራር ቁጥር ነው፤ ሰርቨሩ እስካሁን ሲነሳ ይገባ የነበረው ወደ ራንሌቨል 5፣ ማለትም ወደ ግራፊክ የመግቢያ ስክሪን ነበር። ይሁን እንጂ በስክሪኑ ፊት ተቀምጦ የሚሠራ ሰው የለም፤ የማሽኑም ሜሞሪ ትንሽ ነው። የድሬን ሙቀት ደግሞ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ስለዚህ ማሽኑን ያለ ጥቅም የሚያደክመውን ሁሉ መቀነስ አስፈላጊ ሆኖ አገኘሁት። ቋሚ ለውጥ ከማድረጌ በፊት «ቴልኢኒት 3» የሚለውን ትዕዛዝ ሰጥቼ ሞከርሁ። ግራፊኩ ጠፍቶ በጽሑፍ የሚሠራው ስክሪን መጣ፤ የመጋዘኑ ፕሮግራም ግን ሥራውን አላቋረጠም፤ ሱቅ ውስጥ ያሉት ሠራተኞችም ምንም አላስተዋሉም። ይህን አይቼ በኢኒትታብ ፋይል ውስጥ «አይዲ:5:ኢኒትዲፎልት:» የሚለውን መስመር ወደ «አይዲ:3:ኢኒትዲፎልት:» ቀየርሁ። ሰርቨሩ እንደገና ሲነሳ ኔትወርኩም ኤስኤስኤችም (ከሌላ ኮምፒውተር ሆኖ መግቢያው) አብረው ተነሡ፤ የመጋዘኑ ፕሮግራም ግን አልተነሳም። «ሰርቪስ መጋዘን ስታርት» ብዬ በእጄ ሳስነሳው ያለ ምንም ችግር ይሠራል።

በየመመሪያው የሚነበበው ራንሌቨል 3 ሙሉ የብዙ ተጠቃሚዎች አሠራር እንደሆነና 5 ደግሞ በዚያው ላይ ግራፊክ የተጨመረበት እንደሆነ ነው። እንዲህ ከሆነ በ5 የሚነሳ ሰርቪስ በ3 የማይነሳው በምን ምክንያት ነው? በሁለተኛ ደረጃ የማቀርበው ጥያቄ ከዚህ ጋር ይገናኝ አይገናኝ አላወቅሁም፦ መብራት ሲጠፋ ዩፒኤሱ (ማሽኑን ለጥቂት ጊዜ በባትሪ የሚያቆየው መሣሪያ) ሰርቨሩን በሥርዓት ያጠፋዋል፤ መብራት ተመልሶ ሲነሳ ግን የዳታቤዙ ሎግ በአግባቡ እንዳልተዘጋና ራሱን በመጠገን ላይ እንዳለ ይገልጻል። በሥርዓት የጠፋ ማሽን ስለምን እንዲህ ይላል?

መልስ፦ ከሸዋ በር፣ ሐረር

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የመጀመሪያውን ጥያቄ ልመልስ፤ ሁለተኛውን ስክሪፕቱን ሳያዩ መመለስ ያስቸግራል።

ከርነሉ፣ ማለትም የሲስተሙ እምብርት፣ የራሱን ዝግጅት እንዳጠናቀቀ የሚያስነሳው የመጀመሪያ ፕሮሰስ ኢኒት ነው፤ የፕሮሰስ ቁጥሩም ሁልጊዜ 1 ነው። ኢኒት ቀጥሎ ምን ማስነሳት እንዳለበት የሚያነበው እርስዎ ካስተካከሉት ከኢኒትታብ ነው። የዚህ ፋይል እያንዳንዱ መስመር በሁለት ነጥብ የተለያዩ አራት ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያው የመስመሩ መለያ ነው፤ ሁለተኛው መስመሩ በየትኞቹ ራንሌቨሎች እንደሚሠራ ይናገራል፤ ሦስተኛው ኢኒት ትዕዛዙን እንዴት እንደሚይዘው ይወስናል፤ አራተኛው ራሱ ትዕዛዙ ነው። የቀየሩት መስመር አራተኛው ክፍሉ ባዶ መሆኑን ልብ ይበሉ። ምንም አያስነሳም፤ ለኢኒት አንድ ቁጥር ብቻ ይነግረዋል።

ቁጥሩን የያዘው ኢኒት ሌሎቹን መስመሮች በዚያ ቁጥር ያጣራል። በማናቸውም ራንሌቨል ቢሆን አስቀድሞ የሚሠራው «ሲስኢኒት» የሚል ምልክት ያለበት መስመር ሲሆን፣ ዲስኮቹን የሚመረምረው፣ የፋይል ሲስተሞቹን የሚያያይዘውና የማሽኑን ስም የሚሰጠው እሱ የሚጠራው ስክሪፕት ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣውና ለእርስዎ ጉዳይ ዋነኛ የሆነው መስመር «ኤል3:3:ዌይት:/ኢቲሲ/አርሲ.ዲ/አርሲ 3» የሚለው ነው። ትርጉሙም፦ ራንሌቨሉ 3 ከሆነ «አርሲ» የተባለውን ስክሪፕት 3 የሚለውን ቁጥር ሰጥተህ አስነሳ፤ እስኪጨርስም ጠብቅ ማለት ነው። ለ5 ሌላ መስመር አለ፤ ለ2ም እንዲሁ። ግራፊኩን የሚያስነሳው መስመር ደግሞ በሁለተኛው ክፍሉ 5 ብቻ የተጻፈበት ነው፤ ስለዚህ በ3 አይነሳም።

እዚህ ላይ ነው ብዙዎቹ መመሪያዎች አንባቢውን የሚያሳስቱት። ኢኒት ከ1 ተነስቶ በ2 እና በ3 አልፎ ወደ 5 አይወጣም። በቀጥታ ወደታዘዘው ቁጥር ይሄዳል። «አርሲ» 3 ሲባል «አርሲ3.ዲ» የተባለውን ፎልደር ይከፍታል፤ 5 ሲባል «አርሲ5.ዲ»ን ይከፍታል፤ አንዱ ፎልደር ስለ ሌላው የሚያውቀው ነገር የለም። 5 ላይ ያለው ሁሉ 3 ላይም የሚገኝ የሚመስለን፣ ከሲስተሙ ጋር የሚመጡት ሰርቪሶች አብዛኞቹ በሁለቱም ፎልደሮች ውስጥ አስቀድመው ስለተመዘገቡ ብቻ ነው። በእጅ የተጻፈ ስክሪፕት ግን የሚመዘገበው የጻፈው ሰው በነገረው ቦታ ነው።

«ኤልኤስ» ብለው «አርሲ3.ዲ»ን ቢያዩት የሚያገኙት አብዛኞቹ ወደ «ኢኒት.ዲ» የሚያመለክቱ ሊንኮችን (የፋይል አቋራጮችን) ነው። «ኤስ10ኔትወርክ»፣ «ኤስ12ሲስሎግ»፣ «ኤስ55ኤስኤስኤችዲ»፣ «ኤስ90ክሮንድ»፣ «ኤስ99ሎካል» እያለ ይቀጥላል። በኤስ የሚጀምሩት «ስታርት» በሚል ቃል ይጠራሉ፤ በኬ የሚጀምሩት «ስቶፕ» በሚል ቃል ይጠራሉ። ከፊደሉ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ቅደም ተከተሉን ይወስናል፤ ኔትወርኩ ከኤስኤስኤች ቀድሞ የሚነሳው 10 ከ55 ስለሚያንስ እንጂ ሲስተሙ የአንዱን በሌላው ላይ መደገፍ አውቆት አይደለም። «አርሲ» በመጀመሪያ የኬዎቹን ሊንኮች በተራ ይጨርስና ከዚያ ወደ ኤሶቹ ያልፋል።

አሁን «ቼክኮንፊግ --ሊስት መጋዘን» ብለው ይጠይቁት። እንደ ግምቴ የሚያገኙት መልስ 5 ላይ «ኦን»፣ በቀሩት ሁሉ ላይ «ኦፍ» የሚል ይሆናል። ምክንያቱን ማየት ከፈለጉ ስክሪፕቱን ይክፈቱና በራስጌው «ቼክኮንፊግ» የሚል የአስተያየት መስመር ይፈልጉ። በመስመሩ ላይ ከሚገኙት ሦስት ቁጥሮች የመጀመሪያው ሰርቪሱ የሚነሳባቸውን ራንሌቨሎች፣ ሁለተኛው የመነሻ ተራውን፣ ሦስተኛው የመዝጊያ ተራውን ያመለክታሉ። እዚያ ላይ «5 85 15» ተብሎ ከተጻፈ በ«አርሲ5.ዲ» ውስጥ «ኤስ85መጋዘን»፣ በ«አርሲ3.ዲ» ውስጥ ግን «ኬ15መጋዘን» የሚል ሊንክ ያገኛሉ። ያም ማለት በ3 አለመነሳቱ እንዲሁ ተረስቶ አይደለም፤ በዚያ ራንሌቨል እንዲዘጋ በጽሑፍ ታዟል ማለት ነው።

የሚያስተካክለው ትዕዛዝ «ቼክኮንፊግ --ሌቨል 345 መጋዘን ኦን» ነው። ይህ ትዕዛዝ ሊንኮቹን ይቀይራል እንጂ ፕሮግራሙን በዚያች ቅጽበት አያስነሳውም። በስክሪፕቱ ራስ ላይ ያለውንም መስመር ወደ «345 85 15» ቢያስተካክሉት መልካም ነው፤ ነገ ሌላ ሰው ሰርቪሱን ሰርዞ እንደገና ቢመዘግበው የሚነበበው ያ መስመር ነውና።

ጠያቂው

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ነገሩ እንዳሉት ሆኖ ተገኘ። መስመሩ ላይ ያለው «5 85 15» ነው፤ «አርሲ3.ዲ» ውስጥም «ኬ15መጋዘን» አለ። በሰጡኝ ትዕዛዝ መሠረት አስተካክያለሁ፤ ሊንኩም «ኤስ85መጋዘን» ወደሚል ተቀይሯል።

ነገር ግን ይህ ማብራሪያ አንድ ሌላ ጥያቄ አስነሣብኝ። በራንሌቨል 3 እንዲዘጋ የታዘዘ ከነበረ፣ በመጀመሪያ «ቴልኢኒት 3» ባልሁ ጊዜ ለምን አልተዘጋም? ግራፊኩ ጠፍቶ እያለ ሠራተኞቹ ያለ ማቋረጥ ሽያጭ ሲመዘግቡ ነበር።

መልስ፦ ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ

ወንድሜ፣ ይህ አሁን ያነሣኸው ጥያቄ ከመጀመሪያው ይልቅ ትኩረት ይገባዋል፤ ምክንያቱም የዩፒኤሱንም ጥያቄ የሚመልሰው እሱ ነው። ከሐረር የተሰጠህ መልስ ትክክል ነው፤ እኔ የምጨምረው «አርሲ» ሊንኮቹን ከማስኬዱ በፊት የሚያደርገውን ምርመራ ብቻ ነው።

በሬድ ሃትና ከእሱ በተወለዱት ሲስተሞች፣ ሴንትኦኤስ 5ን ጨምሮ፣ «አርሲ» የኬ ሊንክ ስላየ ብቻ ሰርቪሱን አይዘጋም። «/ቫር/ሎክ/ሰብሲስ» በተባለው ፎልደር ውስጥ በሰርቪሱ ስም የተሰየመ ፋይል መኖሩን ያያል። ፋይሉ ካለ ሰርቪሱ ተነስቷል ብሎ ይወስድና «ስቶፕ» ይለዋል፤ ፋይሉ ከሌለ አልተነሳም ብሎ ያልፈዋል። ለኤስ ሊንክ ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ ፋይሉ ካለ ተነስቷልና ድጋሚ አያስነሳውም። ከ5 ወደ 3 ስትሄድ ኔትወርኩና ኤስኤስኤቹ ተዘግተው እንደገና የማይነሡት በዚህ ምርመራ ምክንያት ነው፤ ጥሩ አሠራር ነው፤ ነገር ግን ፋይሉን የሚፈጥረው «አርሲ» አይደለም። እያንዳንዱ ስክሪፕት ሲነሳ «ተች» በሚለው ትዕዛዝ ራሱ ሊፈጥረው፣ ሲዘጋም ራሱ ሊሰርዘው ይገባል። ከሲስተሙ ጋር የሚመጡት ስክሪፕቶች ይህን ያደርጋሉ። በእጅ በተጻፉት ላይ ግን ብዙ ጊዜ ይህ መስመር ይጎድላል፤ በየድርጅቱ ከማያቸው ችግሮች በብዛት የሚደጋገመው ይኸው ነው።

ስለዚህ «ቴልኢኒት 3» ባልህ ጊዜ የሆነው ይህ ነው። «አርሲ» በ«አርሲ3.ዲ» ውስጥ «ኬ15መጋዘን»ን አገኘ፤ በ«ሰብሲስ» ውስጥ «መጋዘን» የሚል ፋይል አጣ፤ ሊንኩን ትቶ አለፈ። ኢኒት ራሱስ አይዘጋውም ወይ ብትል፣ ራንሌቨል ሲቀየር ኢኒት የሚዘጋቸው በኢኒትታብ ውስጥ ባሉ መስመሮች እሱ ራሱ ያስነሳቸውንና ለአዲሱ ራንሌቨል ያልተፈቀዱትን ነው። የግራፊኩ መስመር ከእነዚህ አንዱ ስለሆነ ጠፋ፤ የአንተ ፕሮግራም በስክሪፕት በኩል ተነስቶ ራሱን የቻለ ስለሆነ ቀረ።

አሁን ወደ መብራቱ እንምጣ። ማሽን ሲጠፋ ራንሌቨሉ 0 ይሆናል፤ ጠፍቶ እንደገና እንዲነሳ ሲታዘዝ በ6 በኩል ያልፋል። እነዚህም እንደ ሌሎቹ የራሳቸው ፎልደር ያላቸው ራንሌቨሎች ናቸው፤ በውስጣቸው ያለው ከሞላ ጎደል ሁሉም የኬ ሊንክ ነው። «አርሲ0.ዲ» ውስጥ የአንተም «ኬ15መጋዘን» ይኖራል፤ እሱም በዚያው ምርመራ ይወድቃል። ከዚያ በኋላ ማሽኑን የሚያጠፋው ስክሪፕት ይመጣና ለቀሩት ፕሮሰሶች ሁሉ በቅድሚያ እንዲያበቁ ምልክት ይልካል፤ ከጥቂት ሰከንዶች በኋላም ሊታለፍ የማይችለውን የመግደያ ምልክት ይልካል። ፖስትግሬስ በሜሞሪ የያዘውን ሁሉ ወደ ዲስክ ጽፎ ለመጨረስ፣ በተለይ በአሮጌ ዲስክ ላይ፣ እነዚህ ሰከንዶች አይበቁትም። ዩፒኤሱ ሥራውን ሠርቷል፤ ሲስተሙም በሥርዓት ጠፍቷል፤ ዳታቤዙ ግን ዝጋ ሳይባል ተገድሏል። በሎጉ ላይ የምታነበውም ይህንኑ ነው።

ማስተካከያው በስክሪፕቱ ውስጥ ነው። በ«ስታርት» ክፍሉ መጨረሻ ላይ፣ ዳታቤዙና ፕሮግራሙ በትክክል መነሣታቸው ከተረጋገጠ በኋላ፣ «ተች /ቫር/ሎክ/ሰብሲስ/መጋዘን» የሚል መስመር ጨምር፤ በ«ስቶፕ» ክፍሉ ደግሞ ከተዘጋ በኋላ ያንኑ ፋይል የሚሰርዝ መስመር አስገባ። የፋይሉ ስም ከስክሪፕቱ ስም ጋር ፊደል በፊደል አንድ መሆን አለበት፤ «አርሲ» የሚፈልገው ስም ከሊንኩ ላይ ፊደሉንና ቁጥሩን ቆርጦ የሚቀረውን ነውና። መብራት በድንገት ቢጠፋና ፋይሉ ሳይሰረዝ ቢቀር አትስጋ፤ ማሽኑ ሲነሳ «ሲስኢኒት» የሚጠራው ስክሪፕት እነዚህን ፋይሎች ያጸዳቸዋል።

«ስቶፕ» ክፍሉ ፖስትግሬስን እንዴት እንደሚዘጋም ተመልከት። «ፒጂ-ሲቲኤል ስቶፕ» ያለ ተጨማሪ ቃል ከተጻፈ፣ ከ9.5 በፊት ባሉት ስሪቶች የተገናኘው ሰው ሁሉ እስኪወጣ ድረስ ይጠብቃል። በሱቆቻችን ሠራተኛው ፕሮግራሙን ከፍቶ ለምሳ እንደሚሄድ ታውቃለህ፤ ድሬ ላይ ደግሞ በቀትር ሱቅ ተዘግቶ እስከ ማታው ሥራ ሰዓት የሚቆይበት ጊዜ ረጅም ነው። ስለዚህ «-ኤም ፋስት» የሚለውን ጨምርበት፤ ያኔ የተገናኙትን አሰናብቶ፣ ያልተጠናቀቁትን መዝገቦች ሰርዞ፣ ዲስኩን በትክክል ጽፎ ይዘጋል።

አንድ ነገር ደግሞ አትርሳ። ስክሪፕቱን አስተካክለህ ብቻ ከተውኸው አሁን በመሥራት ላይ ያለው ፕሮግራም ፋይሉን አልፈጠረምና ዛሬ ማታ መብራት ቢጠፋ ያው ነገር ይደገማል። ሠራተኞቹ ከወጡ በኋላ ሰርቪሱን አንድ ጊዜ ዝጋና አስነሳው፤ «ሰብሲስ» ውስጥ ፋይሉን በዓይንህ ካየኸው በኋላ ማሽኑን እንደገና አስነሳና የዳታቤዙን ሎግ አንብብ።

መልስ፦ ከአራተኛ፣ ሐረር

ከላይ የተሰጡት ሁለት መልሶች ለሴንትኦኤስ 5 የተሟሉ ናቸው። እኔ ለማሳሰብ የምፈልገው፣ በሌላ ሲስተም ላይ ለሚሠሩ አንባቢዎች እነዚህን ቁጥሮች እንዳሉ መውሰድ አደገኛ መሆኑን ነው። ራንሌቨል ከኤቲ-ኤንድ-ቲ ሲስተም 5 ዩኒክስ፣ በ1983 ከወጣው፣ የተወረሰ አሠራር ነው፤ የቁጥሮቹ ትርጉም ግን በየሲስተሙ ይለያያል። ከ0፣ ከ1 እና ከ6 በስተቀር በሊኑክሶቹ መካከል እንኳ ስምምነት የለም። እስከ 7ኛው ስሪቱ ድረስ የዴቢያን ነባር ራንሌቨል 2 ሲሆን ከ2 እስከ 5 ያሉት ሲጫኑ ምንም ልዩነት አልነበራቸውም። በስላክዌር ግራፊኩ ያለው 4 ላይ ነው። በሶላሪስ 5 ማለት ማሽኑን አጥፋ ማለት ነው፤ የሬድ ሃትን ልማድ ይዞ ሶላሪስ ላይ «ኢኒት 5» የሚል ሰው ግራፊክ ሳይሆን ጨለማ ስክሪን ያገኛል። የቢኤስዲ ቤተሰቦች ደግሞ ራንሌቨል የሚባል ነገር የላቸውም፤ ወይ በነጠላ ተጠቃሚ ወይ በብዙ ተጠቃሚዎች ይነሣሉ።

ለጠያቂው ደግሞ፦ ሴንትኦኤስ 5 የደኅንነት ማስተካከያ ማግኘት ያቆመው በመጋቢት 2017 በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። አንድ ቀን ወደ አዲስ ሲስተም መሸጋገርዎ አይቀርም፤ ያን ጊዜ ኢኒትን ተክቶ የሚያገኙት ሲስተምዲን ነው። ሬድ ሃት በ7ኛው ስሪቱ በ2014፣ ዴቢያን በ8ኛው ስሪቱ በ2015 ወደ እሱ አልፈዋል። በሲስተምዲ የራንሌቨልን ቦታ የያዙት «ታርጌት» የሚባሉት ናቸው፤ ለ3 «መልቲ-ዩዘር»፣ ለ5 «ግራፊካል» የተባለው ታርጌት አለ። «ኢኒት 3» የሚለው አሮጌ ትዕዛዝም በብዙዎቹ የሲስተምዲ ስሪቶች ወደ ታርጌት ተተርጉሞ ይሠራል፤ ቋሚ ለውጥ የሚደረገው ግን «ሲስተምሲቲኤል ሴት-ዲፎልት» በሚል ትዕዛዝ እንጂ በኢኒትታብ አይደለም።

እርስዎ በጥያቄዎ ያነሡት ግንዛቤ፣ ማለትም 5 በ3 ላይ ግራፊክ የተጨመረበት ነው የሚለው፣ በሲስተምዲ ዘመን በእርግጥ እውነት ሆኗል። «ግራፊካል» ታርጌት «መልቲ-ዩዘር»ን ይጠይቃል፤ ስለዚህ «መልቲ-ዩዘር» ላይ የተመዘገበ ሰርቪስ በሁለቱም ይነሳል። ሰርቪሱ በየትኛው ታርጌት እንደሚነሳ በሚገልጸው በ«ዋንትድባይ» መስመር ላይ «ግራፊካል» ተብሎ ከተጻፈ ግን ዛሬ የገጠምዎት ችግር እንዳለ ይመለሳል። የመዝጋቱም ነገር ተሻሽሏል፤ ሲስተምዲ የእያንዳንዱን ሰርቪስ ፕሮሰሶች ራሱ ስለሚከታተል በ«ሰብሲስ» ውስጥ ያለ ፋይል አያስፈልገውም፤ ሰርቪሱ እስኪዘጋም ከመግደሉ በፊት እንደ ነባር ልማዱ 90 ሰከንድ ይጠብቃል። ለትልቅ ዳታቤዝ ይህንንም መጨመር ይቻላል።

ጠያቂው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ እንዳዘዙኝ ስክሪፕቱን አስተካክዬ ሱቁ ከተዘጋ በኋላ ሞከርሁት። ማሽኑ ሲጠፋ በስክሪኑ ላይ ከዚህ በፊት ታይቶ የማያውቅ «መጋዘን በመዘጋት ላይ» የሚል መስመር መጣ፤ ሲነሳም ፕሮግራሙ በራሱ ተነሳ፤ የዳታቤዙ ሎግም የጥገና ቃል የለበትም። የቀረኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ በኢኒትታብ ውስጥ «ፓወርፌይል» የሚል መስመር አየሁ፤ ዩፒኤሱ የሚጠቀመው በእሱ ነው ወይ?

መልስ፦ ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ

እንደ ዩፒኤሱ ፕሮግራም ይወሰናል። አንዳንዱ ፕሮግራም መብራት ሲጠፋ ለኢኒት ምልክት ይልካል፤ ያን ጊዜ ኢኒት የ«ፓወርፌይል»ን መስመር ያስነሳል። በሴንትኦኤስ 5 ይህ መስመር ማሽኑ ከ2 ደቂቃ በኋላ እንዲጠፋ ያዛል፤ ከሥሩ ያለው «ፓወርኦኬይዌይት» የሚለው ደግሞ በእነዚያ 2 ደቂቃዎች ውስጥ መብራት ከተመለሰ ማጥፋቱን ይሰርዛል። ሌላው ዓይነት ፕሮግራም ኢኒትን ሳያማክር ራሱ «ሻትዳውን» የሚለውን ትዕዛዝ ይሰጣል፤ የሚጠብቀውም ጊዜ በራሱ የማስተካከያ ፋይል ውስጥ ነው። የትኛው እንደሆነ በፕሮግራሙ ፋይል ውስጥ ታገኘዋለህ።

በየትኛውም ቢሆን ባትሪው የሚቆይበትን ጊዜ ሥራ በሌለበት ሰዓት ለካው። በሙቀት ውስጥ ያለ ባትሪ ቶሎ ያረጃል፤ አዲስ ሳለ ሩብ ሰዓት ይዞ የነበረው ዛሬ ያን ያህል ላይይዝ ይችላል። ባትሪው የሚይዘው ጊዜ ከመጠበቂያው 2 ደቂቃና ዳታቤዙ ለመዘጋት ከሚወስደው ጊዜ ድምር የሚያንስ ከሆነ፣ መስመሩ ላይ ያለውን 2 ወደ 1 ቀንስና «ቴልኢኒት ኪው» በል፤ ኢኒት ማሽኑ እንደገና ሳይነሳ ፋይሉን ዳግም ያነበዋል። ጄኔሬተራችሁ ለመነሳት የሚፈጅበትንም ጊዜ አብረህ አስላ፤ ከ1 ደቂቃ በላይ የሚፈጅ ከሆነ መብራት በጠፋ ቁጥር ሰርቨሩ ይጠፋልና ባትሪውን መቀየሩ ይሻላል።